የማትሽከረከር ኳስ፦ ስለ ቲም ዌክፊልድ እና ስለ ናክልቦል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ቤዝቦል ይጫወታል፣ ቦታው ወርዋሪ ነው። ዘንድሮ አሰልጣኙ ‹ፍጥነትህ አይበቃም› ብሎ ከዋናው ቡድን አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ቲም ዌክፊልድ የሚባል ሰው የተጫወተባቸውን ቪዲዮዎች ሲያይ ያድራል። ‹ናክልቦል ተምሬ እንደ እሱ እሆናለሁ፤ እሱ በ45 ዓመቱም ይጫወት ነበር› ይለኛል። እኔ ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም። ይህ ሰው በእርግጥ በቀርፋፋ ኳስ ኖሯል? ልጄ የያዘው መንገድ ነው ወይስ ቅዠት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ልጅዎ የመረጠው ሰው ጥሩ ሰው ነው። ታዳጊ ወርዋሪዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ልጅ «ናክልቦል አስተምረኝ» እያለ ይመጣል። አብዛኞቹ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይተዉታል። ለምን እንደሚተዉት ከገባዎት የዌክፊልድም ታሪክ አብሮ ይገባዎታል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከኳሷ ልጀምር። ቤትዎ ውስጥ እግር ኳስ የሚያይ ሰው ካለ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ወይም ብራዚላዊው ጁኒኞ ቅጣት ምት ሲመቱ፣ ኳሷ ሳትሽከረከር ሄዳ በረኛው ፊት ስትደርስ ድንገት ትወርዳለች፣ ወይም ወደ ጎን ትሸሻለች። በረኛው ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሞ ጎል ይገባበታል። ናክልቦል የዚያች ኳስ እህት ናት። ሌሎቹ የቤዝቦል ውርወራዎች ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከመሽከርከር ነው፤ ፈጣኗ ኳስ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ በሚደርስ ፍጥነት ትሾራለች። ናክልቦል ግን ከወርዋሪው እጅ ወጥታ መቺው ዘንድ እስክትደርስ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ እንድትዞር ነው የሚፈለገው። መንገዱ ደግሞ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ነው። የቤዝቦል ኳስ ቆዳዋ በቀይ ክር የተሰፋ ነው። ስትሾር ስፌቱ በሁሉም በኩል ስለሚዳረስ አየሩ የሚያገኛት በተመሳሳይ ሁኔታ ነው። ሳትሾር ስትቀር ግን አየሩ ስፌቱ ባለበት በኩል አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ በሆነው በኩል ሌላ ዓይነት ሆኖ ያልፋል፤ በዚህም ኳሷ ወደ አንድ ጎን ትገፋለች። ስፌቱ ቀስ ብሎ ቦታውን ሲለውጥ ግፊቱም አቅጣጫውን ይለውጣል።

ስሟ ያሳስታል። ናክል ማለት የጣት አንጓ ነው፤ ድሮ ጣታቸውን አጥፈው በአንጓቸው ይዘው የሚወረውሩ ነበሩ። ዛሬ የምትያዘው በጣት ጫፍ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ጣት ጥፍር ቆዳዋ ላይ ይተከላል፣ የእጅ አንጓ ደርቆ ይቆያል፣ ከዚያ ኳሷ እንደ መግፋት ተደርጋ ትለቀቃለች። ዌክፊልድ እንዲህ ሲለቃት በሰዓት ከ105 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው። ሌሎቹ 150 ይወረውራሉ።

ብዙ ሰው ኳሷ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ እየተወላገደች የምትሄድ ይመስለዋል፤ ለዓይንም እንደዚያ ናት። ስታዲየሞች ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች መንገዷ ሲለካ ግን እንደ ሌላው ኳስ ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ተገኝቷል። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ወዴት እንደምትታጠፍ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። መቺው አያውቅም፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቃት ተቀባይም አያውቅም፣ የወረወራት ሰው ራሱም አያውቅም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ዌክፊልድ በ1966 ፍሎሪዳ ውስጥ ሜልበርን በምትባል ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ጓሮ ወጥተው ኳስ ይወራወሩ ነበር። አባት ሲደክመው ናክልቦል ይወረውርለታል። ልጁ መያዝ እያቃተው፣ ያመለጠችውን ሲያሯሩጥ ቆይቶ ሰልችቶት «በቃ እንግባ» እንዲል ነበር ዘዴው። በኋላ እንጀራው የሆነችው ኳስ በመጀመሪያ የተወረወረችለት ቤት እንዲገባ ነው።

ደግሞም ወርዋሪ አልነበረም፤ መቺ ነበር፣ ያውም ጎበዝ። ፍሎሪዳ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በአንድ የውድድር ዘመን 22 ሆም ራን (ከሜዳው አጥር በላይ የሚያልፍ ምት) መትቷል። ፒትስበርግ ፓይሬትስ የተባለው ቡድን በ1988 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ በስምንተኛው ዙር የመረጠው አንደኛ ቤዝ (መቺ መትቶ ከሚሮጥባቸው ማረፊያዎች የመጀመሪያው) ላይ እንዲቆምና እንዲመታ ነበር። ነገር ግን በታችኛው የባለሙያዎች ሊግ ከአምስት ሙከራ አንዱን እንኳ በቅጡ መምታት አቃተው። «በዚህ አያያዝህ ከመካከለኛው እርከን አታልፍም» ብሎ በግልጽ የነገረው መልማይ አለ። ያተረፈችው ከጨዋታ በፊት ሰውነቱን ሲያፍታታ ለቀልድ የሚወረውራት የአባቱ ኳስ ናት። አሰልጣኞች አዩዋትና ወርዋሪ ሁን አሉት። አማራጩ ወደ ቤት መሄድ ነበር።

ልጅዎ ቪዲዮ ላይ የማያየው ይህንን ነው። ዌክፊልድ ወደ ናክልቦል የገባው ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋበት በኋላ ነው፤ ሲገባም 22 ዓመት አልፎት፣ ሰውነቱ ጠንክሮ፣ የባለሙያ ተጫዋች ሆኖ ነበር።

ጁላይ 31 ቀን 1992 ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ ሊግ ወረወረ። በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ላይ 146 ኳስ ወርውሮ፣ 10 መቺዎችን በስትራይክ አሰናብቶ (ሦስት ስትራይክ፣ ማለትም ሦስት የከሸፈ ሙከራ፣ የተቆጠረበት መቺ ይወጣል)፣ ጨዋታውን ማንም ሳይተካው ጨርሶ አሸነፈ። በቀሩት ሁለት ወራት ስምንት ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ በናሽናል ሊግ (ትልቁ ሊግ ከተከፈለባቸው ሁለት ክፍሎች አንዱ፤ ሌላው አሜሪካን ሊግ ነው) የፍጻሜ ግጥሚያ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት፣ ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር ሁለት ጊዜ ተፋጥጦ ሁለቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወርውሮ ረታ። ፒትስበርግ ሰባተኛውን ጨዋታ በመጨረሻዋ ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር፤ አንድ ጨዋታ ዘጠኝ አለው) ባያስነጥቅ ኖሮ ወደ ዓለም ዋንጫቸው፣ እነሱ ወርልድ ሲሪስ ወደሚሉት፣ ይገባ ነበር። ሀገሩ ሁሉ ስሙን አወቀ።

በዓመቱ ሁሉም ነገር ከእጁ ወጣ። በ1993 ስድስት አሸንፎ 11 ተሸነፈ። በአንድ የሚያዝያ ጨዋታ 172 ኳስ አስወርውረውታል፤ ዛሬ ማንም አሰልጣኝ ይህን አድርጎ ሥራው ላይ አያድርም። ከዚያ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። የ1994ን ዓመት ሙሉ በቡፋሎ ከተማ አሳልፎ አምስት አሸነፈ፣ 15 ተሸነፈ። በሚያዝያ 1995 ፒትስበርግ አሰናበተው። ዕድሜው 28 ነበር።

ክንዱ እኮ አልተሰበረም። የሌላ ወርዋሪ ውድቀት አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይታያል፤ ትከሻው ይታመማል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሐኪም ያየዋል። የናክልቦል ወርዋሪ ሲወድቅ የሚታይ ነገር የለም። የአንድ ጣት ጥፍር ከሌላኛው ቀድሞ ከለቀቃት፣ የእጅ አንጓ በጥቂቱ ከላላ፣ ኳሷ ሁለት ሦስት ጊዜ ትዞራለች። ያኔ አትታጠፍም። የማትታጠፍ የ105 ኪሎ ሜትር ኳስ ደግሞ ለመቺ የሠርግ ድግስ ናት። ችግሩን አይቶ የሚያርም አሰልጣኝም አይገኝም፤ በአንድ ዘመን በዓለም ላይ ይህን ሙያ በደንብ የሚያውቁ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና። ዌክፊልድ እጁ ላይ የነበረ ነገር እንዴት እንደጠፋበት የሚነግረው ሰው አላገኘም።

ያገኘው ቦስተን ሬድ ሶክስ ካስፈረመው በኋላ ነው፤ ከፒትስበርግ በተሰናበተ በስድስተኛው ቀን። ቡድኑ ፎርት ማየርስ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከፊል ኒክሮ እና ከወንድሙ ከጆ ጋር አገናኘው። ፊል ኒክሮ በናክልቦል 318 ጊዜ ያሸነፈ፣ እስከ 48 ዓመቱ የተጫወተ ሰው ነው። ኳሷን የተማረው ክንዱ ተጎድቶበት ፈጣን መወርወር ካቆመው የከሰል ማዕድን ሠራተኛ አባቱ ነበር። በዚያ ወቅት ፊል ኮሎራዶ ሲልቨር ቡሌትስ የሚባል የሴቶች የባለሙያ ቤዝቦል ቡድን ያሠለጥን ነበርና ዌክፊልድ ሄዶ አብሯቸው ሰነበተ። (ጆ ኒክሮን በአንድ ነገር የሚያስታውሱት አሉ፦ በ1987 በጨዋታ መሃል ዳኞች ኪስህን አሳየን ሲሉት የጥፍር ሞረድ ከኪሱ ሲወጣ ታየ። ጥፍሬን ልሞርድበት ነው አለ። ለናክልቦል ወርዋሪ ጥፍር መሣሪያው ስለሆነ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ዳኞቹ ግን ኳስ መቧጠጫ ነው ብለው ከሜዳ አስወጡት፣ 10 ቀንም ታገደ።)

ዌክፊልድ ከፎርት ማየርስ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። በ1995 ከመጀመሪያዎቹ 15 ውጤቶቹ 14ቱ ድል ነበሩ። ዓመቱን በ16 ድልና በስምንት ሽንፈት ጨረሰ። ከዚያ ቦስተን ውስጥ 17 ዓመት ቆየ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ነገር ልመለስ። ወርዋሪው ራሱ ወዴት እንደምትሄድ የማያውቃትን ኳስ የሚይዘው ማን ነው?

የኳስ ተቀባይ ሥራ ከባድ ነው። ተራ ኳስ ሲመጣ ግን ቢያንስ አስቀድሞ ተነጋግሮባታል፤ በጣት ምልክት ይሰጣል፣ የት እንደምታርፍ ያውቃል፣ ጓንቱን እዚያ ያስቀምጣል። ናክልቦል ሲመጣ ጓንቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም። ኳሷ ካመለጠችው ቤዝ ላይ ያለው ተቃራኒ ተጫዋች ወደ ፊት ይሮጣል። ኳሷ ቀርፋፋ ስለሆነችም ሳታመልጥ እንኳ ሯጩ ቤዝ ለመስረቅ፣ ማለትም ኳስ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ለመሮጥ፣ ጊዜ ያገኛል። ባልቲሞር፣ ማለትም እናንተ ደጅ ላይ፣ በ1960 አሰልጣኙ ፖል ሪቻርድስ ለናክልቦል ወርዋሪው ለሆይት ዊልሄልም ሲል ሰፌድ የሚያህል የተቀባይ ጓንት አሠርቶ ነበር። በኋላ የጓንት መጠን በሕግ ተገደበ። ዊልሄልም ራሱ የጦር ሜዳ ቁስለኛ ነበር፤ ትልቁ ሊግ ውስጥ የገባው በ29 ዓመቱ፣ የወጣው 50ኛ ልደቱ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ይዤ አውቃለሁ። የ19 ዓመት ተማሪዬ ሲለማመድ ተቀባዩ ስለቀረ እኔ ተተካሁ። የመጀመሪያዎቹን አምስት በቀላሉ ያዝኳቸውና «ይህች ናት እንዴ የምትፈራው» አልኩ። ስድስተኛዋ ደረቴ ላይ ስትመጣ አየኋት፣ ጓንቴን ደረቴ ላይ አደረግሁ፤ የግራ ጉልበቴን አገኘችው። ስፌቱን እስከ መጨረሻ ማየቴ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ፊደል የተጻፈባት ቢሆን ማንበብ እችል ነበር። እያየኋት ነው የመታችኝ።

ቦስተን ውስጥ ይህን ሥራ የተሸከመው ዳግ ሚራቤሊ የሚባል ተጠባባቂ ተቀባይ ነው። ዋናው ተቀባይ ጄሰን ቫሪቴክ ዌክፊልድ በሚወረውርበት ቀን ያርፋል፤ ሚራቤሊ ለሶፍትቦል (በትልቅ ኳስ ለሚጫወቱት የቤዝቦል ዘመድ) የተሠራ ትልቅ ጓንቱን ይዞ ይገባል። ዌክፊልድ በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ስለሚወረውር ሚራቤሊም የሚሠራው በአብዛኛው በአምስት ቀን አንድ ጊዜ ነበር። ቡድኑ ይህ ቅንጦት መሰለው። በ2005 መጨረሻ ሚራቤሊን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ ሰጠና በምትኩ ጆሽ ባርድ የሚባል ተቀባይ ቦታውን ያዘ። ባርድ ጎበዝ ተቀባይ ነበር፣ ሲመታም የተሻለ ነበር። በመጀመሪያው ወር ብቻ 10 ኳስ አመለጠው። ዌክፊልድ ወደ ሜዳ ሲወጣ ደጋፊው የሚያየው ወርዋሪውን መሆኑ ቀርቶ የባርድን ጓንት ሆነ።

ሜይ 1 ቀን 2006 ቦስተን ሽንፈቱን በይፋ ተቀበለ። ባርድን ከአንድ ወርዋሪ ጋር ለሳንዲያጎ ሰጥቶ ሚራቤሊን መልሶ አስመጣ። በዚያው ምሽት ዌክፊልድ በፌንዌይ ፓርክ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር ሊወረውር ነው። ሚራቤሊን በግል አውሮፕላን ከአገሪቱ አንድ ዳር ወደ ሌላኛው ዳር አበረሩት። ሎጋን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ የፖሊስ መኪና ይጠብቀው ነበር። መኪናው ሳይረን እያሰማ በቦስተን የሥራ መውጫ መጨናነቅ መሃል ሲከንፍ ሰውዬው ከኋላ ወንበር ላይ ሱሪውን አውልቆ የቡድኑን መለያ ይለብስ ነበር። ስታዲየም የደረሰው ጨዋታው ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ቦስተን 7 ለ3 አሸነፈ። ባርድ ደግሞ ሳንዲያጎ ሄዶ ከናክልቦል ሲገላገል በሕይወቱ ምርጥ የሆነውን የመምታት ዓመት አሳለፈ።

ይህን ታሪክ ያረዘምኩት ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ የጥያቄዎ መልስ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። 150 ኪሎ ሜትር የሚወረውር ልጅ ክንዱን ይዞ የትም ይሄዳል፤ የትኛውም ቡድን ይቀበለዋል፣ ማንኛውም ተቀባይ ይይዝለታል። የናክልቦል ወርዋሪ የሚኖረው በሌሎች ትዕግሥት ነው። ተቀባዩ መታመስን፣ አሰልጣኙ በአንድ ምሽት ሦስት ሆም ራን አይቶ ዝም ማለትን፣ ባለቤቶቹ ደግሞ የማይገባቸውን ነገር መክፈልን መልመድ አለባቸው። ኦገስት 2004 ዲትሮይት ላይ ዌክፊልድ በአንድ ጨዋታ ስድስት ሆም ራን ተመቶበታል። የሚወረውረው ፈጣን ኳስ ቢሆን ኖሮ ከሁለተኛው በኋላ ባወጡት ነበር። አሰልጣኙ ታገሰ፣ ቦስተን 11 ለ9 አሸነፈ።

ትዕግሥቱ በነጻ አልተገኘም። ዌክፊልድ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ጨዋታውን የሚጀምር ወርዋሪ ሁን ሲሉት ይሆናል፣ የጨዋታ ማብቂያ ላይ ግባ ሲሉት ይገባል፤ በ1999 በዚህ ሚና 15 ጨዋታ ዘግቷል። በዚያው ዓመት ከካንሳስ ሲቲ ጋር በአንድ ኢኒንግ አራት ሰው በስትራይክ አሰናብቷል። በአንድ ኢኒንግ የሚሰናበተው ሦስት ሰው ስለሆነ ነገሩ የተምታታ ይመስላል፤ ግን አንደኛው ሦስተኛ ስትራይክ ላይ ኳሷ ተቀባዩን ስላመለጠችው ሮጦ ቤዝ ይዟል። ዌክፊልድ አንድ ሰው ጨምሮ መሥራት ነበረበት። የሙያው ጣጣ በአንድ ኢኒንግ ሲታይ ይህን ይመስላል።

በ2003 በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ያንኪስን ሁለት ጊዜ አሸንፎ ሳለ፣ በሰባተኛው ጨዋታ 11ኛው ኢኒንግ ላይ አሮን ቡን የመጀመሪያዋን ኳስ ሆም ራን መታበትና ዓመቱ አለቀ። በቀጣዩ ዓመት እነዚያው ሁለት ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። ቦስተን ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ሦስተኛውንም 19 ለ8 እየተደበደበ ነበር። አራተኛውን ጨዋታ የሚጀምረው ዌክፊልድ ነው። እሱ ግን የሌሎቹ ወርዋሪዎች ክንድ እንዲያርፍ በጠፋው ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ከሦስት ኢኒንግ በላይ ወረወረ፤ የራሱን ተራ ለሌላ ሰጠ። ከሁለት ቀን በኋላ አምስተኛው ጨዋታ ሲራዘም ከ12ኛው እስከ 14ኛው ኢኒንግ እንደገና ገባ። ቁጢጥ ያለው ግን ሚራቤሊ ሳይሆን ቫሪቴክ ነው። በ13ኛው ኢኒንግ ሦስት ኳስ አመለጠችው፤ አንዲት ሌላ ብታመልጥ ቦስተን አልቆለታል። የዚያን ሌሊት ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ ነበር፤ መቀመጥ አልቻልኩም። ምንም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወጣ፣ ቡድኑ በ14ኛው አሸነፈ፣ ከዚያም ከ86 ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ልጅዎ ይህን ኢኒንግ ያየ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ካላየ ዛሬ ማታ አብራችሁ እዩት።

የቀረውን ባጭሩ ልናገር። በ2005 የፈረመው ውል ቡድኑ እስከፈለገ ድረስ በየዓመቱ በአራት ሚሊዮን ዶላር የሚታደስ ነበር፤ በሊጉ መለኪያ ርካሽ። በ42 ዓመቱ፣ በ2009፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2011፣ በስምንተኛ ሙከራው፣ 200ኛ ድሉን አገኘና በቀጣዩ ፌብሩዋሪ ጡረታ ወጣ። ድሎቹ 200፣ ሽንፈቶቹ 180 ናቸው። በቦስተን ታሪክ ከእሱ በላይ ብዙ ኢኒንግ የወረወረ የለም። በ2023 በአንጎል ካንሰር በ57 ዓመቱ አረፈ።

ስለዚህ አዎ፣ ኖሮበታል። «እንደ እሱ እሆናለሁ» ለሚለው ግን ሌላ ሰው ልጨምር፤ ልጅዎ ምናልባት አልደረሰበትም። አር ኤ ዲኪ ይባላል።

ዲኪ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘ ፈጣን ወርዋሪ ነበር። ቴክሳስ ሬንጀርስ በመጀመሪያው ዙር መርጦ 810,000 ዶላር ሊሰጠው ተስማማ። የቡድኑ ባለሙያ አንድ መጽሔት ሽፋን ላይ ፎቶውን ሲያይ ቀኝ ክንዱን አንጠልጥሎ የያዘበት ሁኔታ አላማረውም። ሲመረመር የወርዋሪዎች ሁሉ ጭንቅ የሆነው፣ ሲበጠስ ትልቅ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው የክርን ጅማት ጭራሽ የለውም። ቡድኑ ቃሉን አጠፈና 75,000 ዶላር ሰጠው። በ2005፣ ዕድሜው 30 ደርሶ፣ ፍጥነቱ ሲከዳው አሠልጣኞቹ ወደ ናክልቦል ግባ አሉት። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጀምር ዲትሮይት ስድስት ሆም ራን መታበት፤ ዌክፊልድን የመታው ያው ቡድን፣ ያው ቁጥር። የዲኪ አለቆች ግን አልታገሡም፤ ወደ ታችኛው ሊግ አወረዱት። ከዚያ ከቡድን ቡድን ሲንከራተት፣ ከቻርሊ ሃፍ፣ ከፊል ኒክሮና ከራሱ ከዌክፊልድ ሲማር ዓመታት አለፉ። በ2012 ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር 20 አሸንፎ ስድስት ተሸነፈ፣ 230 ሰው በስትራይክ አሰናበተ፣ ለምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ወሰደ። ከናክልቦል ወርዋሪዎች ሽልማቱን ያገኘ እሱ የመጀመሪያው ነው። ያኔ 38 ዓመት ሞልቶት ነበር። የዲኪ ኳስ የዌክፊልድ ዓይነት አልነበረችም፤ 125 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ትሄድ ነበር። «ቀርፋፋ ነኝና ናክልቦል ልወርውር» ለሚለው አስተሳሰብ ይህ መልስ ይመስለኛል።

ዛሬ ነገሩ ጠብቧል። በትልቁ ሊግ በዋናነት በዚህች ኳስ የሚኖር ወርዋሪ የለም ማለት ይቻላል፤ በ2024 የሳንዲያጎው ማት ዋልድሮን ከሌሎች ኳሶች ጋር እየቀላቀለ ይወረውራት ነበር። ቡድኖች ልጆችን የሚመርጡት በፍጥነት መለኪያ ነው። መለኪያው 110 ሲል የልጁን ስም ይሰርዛሉ፤ ኳሷ ምን እንደሠራች የሚጽፉበት ሳጥን ቅጹ ላይ የለም። እንደኔ ስንፍና ነው። ግን ያለው እሱ ነው።

አሁን ለልጅዎ። በመጀመሪያ ክርኑን ወይም ትከሻውን የሚያመው ከሆነ ይህን ምላሽ ይዝጉትና ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ናክልቦል ክንድን ብዙ አታደክምም ማለት የታመመ ክንድ ታድናለች ማለት አይደለም። ጤነኛ ከሆነ ይማር፤ የሚጎዳ ነገር የለውም። ሌላውን ውርወራ ግን አይተው፣ የመምታት ልምምዱንም አያቋርጥ። የ16 ዓመት ልጅ አካሉ ገና አላለቀም፤ ፍጥነቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ሊጨምር ይችላል። በር ሳይዘጋበት በሩን ራሱ እንዳይዘጋው።

አለማመዱ ቀላል ነው፣ አሰልቺነቱ ነው ከባዱ። ጥፍሩ ከጣቱ ሥጋ ጥቂት ብቻ ወጣ ይበል፤ ረጅም ጥፍር ይሰበራል። የኳሷን ግማሽ በጥቁር ቀለም ይቀባው፤ ስትበር ጥቁሩ ስንት ጊዜ ብቅ እንደሚል ይታያል። መጀመሪያ ከስምንት ሜትር ርቀት፣ ያለ ጉልበት፣ ኳሷ ጨርሶ እንዳትዞር አድርጎ ብቻ ይልቀቅ። ከ100 ውርወራ አምስቱ ካልዞሩ በጎ ጅምር ነው። አብዛኛው ልጅ የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ከስምንት ሜትር ኳስ መግፋት ቪዲዮ ላይ አይታይምና።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ጓደኛ ያስፈልገዋል፤ ጉልበቱ ሲመታ የማይቀየም፣ 95 ያመለጡ ኳሶችን ለቅሞ ነገ ተመልሶ የሚመጣ። ያን ልጅ ካገኘ ጭምብልና የደረት መከላከያ ሳያደርግ እንዳይቀመጥለት አደራ፤ ለእርስዎም፣ ጓሮ ልያዝለት ካሉ፣ ያው ነው። ከአንድ ወር በኋላ ከተቀባዩ ጀርባ ሆነው በግማሽ የተቀባችውን ኳስ በስልክዎ ቀርጸው ይላኩልኝ። ዙሯን ቆጥሬ የማየውን እነግራችኋለሁ።